ለትከሻ የሰጠኸው ከሆድ ይነሳል

ሰኞ ጠዋት ሳሎን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ባለቤቴ ገባች። ጊዜው ሁዳዴ ነውና የምሰግድ መስሏት እግሯን አቅልላ ልታልፍ ስትል፣ ከፊቴ የተዘረጋውን አየች። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን የማይዝግ ብረት፣ አንድ ጥቅል ጥቁር ጠፍር፣ አምስት የብረት ቀለበት፣ መቀስና ሻማ።

«ደግሞ ተጀመረ» አለችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

አዎ፣ ተጀመረ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የዕድሜ እኩዮቼ ዋሽንግተን ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ መንግሥት ያወርዳሉ፣ መንግሥት ያወጣሉ። እኔ ፍሎሪዳ ውስጥ ጉልበቴን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ጠፍር አሾልካለሁ። የውሃ ውስጥ ጠለቃ የጀመርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ያኔ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ከልካዩ በዝቶ እልህ አስያዘኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ይህ ብረት የጠላቂ ኮርቻ ነው በሉት። አንድ ፊቱ ከጀርባዬ ይገጥማል፤ በሌላው ፊቱ ሁለት የአየር ሲሊንደር ይታሰርበታል፤ በመሃል ክንፍ የሚሉት፣ አየር የሚነፋበት ከረጢት ይገባል። ብረቱ አምስት ቀዳዳ አለው፤ ከላይ ሁለት፣ ከወገብ ግራና ቀኝ ሁለት፣ ከታች አንድ። በቀዳዳዎቹ የሚሾልከው ጠፍር ናይለን ነው፤ ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትከሻዬን የሚይዘውና ሆዴን የሚያስረው ሁለት ጠፍር አይደለም። ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም አንድ ወጥ ጠፍር ነው። መሃሉ በላይኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎች በየትከሻው ተሻግረው ደረት ላይ ይወርዳሉ፤ በብብት ሥር ዞረው የጎኑን ቀዳዳ ያልፋሉ፤ ከዚያ ወደ ፊት መጥተው ቀበቶ ይሆናሉ። ስፌት የለው፣ ማጥበቂያ የለው፣ ማላሊያ የለው። ለትከሻ የሰጠኸው ከሆድ ይነሳል። ለሆድ ካደላህ ትከሻ ይጮሃል። እንደ ወንድማማች ርስት ነው፤ አንዱ ስንዝር ሲገፋ ሌላው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

በስልሳ ዓመቴ አንድ ስህተት ሠራሁ። ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ቢያንስ ፎቶው እንደዚያ ይላል። ጠፍሩን በልኬ አሳክቼ ስጨርስ ከዘለበቱ አልፎ አንድ ክንድ የሚሆን ጭራ ተረፈ። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ ያኔ እኔ ዛሬ ያለሁበት ዕድሜ ላይ የነበረ፣ «አትቁረጠው፣ እጠፈውና ሸጉጠው» አለኝ። ሰማሁት? አልሰማሁትም። ሽማግሌ የሚሰማው ሽማግሌ ነው። በመቀስ ቀጨሁት፣ ጫፉን በእሳት ለበለብኩ፣ አምሮብኝ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ሆዴ በየዓመቱ ግማሽ ጣት፣ አንዳንዴም አንድ ጣት ከጠፍሩ ሲበደር ኖረ። አበዳሪው ትከሻ ነው። ባለፈው ጥምቀት ማግስት ዘለበቱን ልዘጋ ስል የጠፍሩ ጫፍ ብረቱን ነክቶ ቆመ፤ አልገባም። አብሮኝ የሚጠልቀው ልጅ ዝም ብሎ አየኝ። ዝምታው ነው ያናደደኝ።

ልጁ የጓደኛዬ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ። ሲያከብረኝ «ጋሼ» ይለኛል፤ ከዚያ «አንቺ» ብሎ ይቀጥላል። «ጋሼ፣ ቀበቶሽ አጥሯል።» እኔ አላርመውም። ውሃ ውስጥ የምንነጋገረው በእጅ ነው፤ በእጅ ደግሞ ጾታ አይሳሳትም።

የጠፍር ነገር ለእኔ እንግዳ ሆኖ አይደለም። አባቴ መንዝ ውስጥ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁለት ስልቻ እህል አጋሰስ ላይ በመጫኛ አስረው ለመጨረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ አንድ ዋንጫ ጠላ ከሚጠጡበት ያንስ ነበር። እኔም በ1963 ዓ.ም. ምጽዋ ወርጄ ባሕር ኃይል ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው፣ ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች ረዳት የነበረችው «ኢትዮጵያ» የምትባል መርከባችን ላይ ገመድ ስቋጥርና ስፈታ መዳፌ ሌጦ ሆኖ ነበር። በጨለማ፣ በማዕበል፣ ሆዴ እየተገለበጠ ቋጥሬአለሁ። ይህን የሳሎን ጠፍር ግን በፀጥታ፣ በመብራት፣ መነጽር አድርጌ እንኳ በአንድ ጊዜ አሳክቼው አላውቅም።

ጣጣውን ያመጡብን የሰሜን ፍሎሪዳ የዋሻ ጠላቂዎች ናቸው። ብረቱን እ.ኤ.አ. በ1979 ግሬግ ፍላናጋን ሠራላቸው ይባላል። ከዚያ ቢል ሜይን መጣ፤ ሙሉ ስሙ ዊሊያም ሆጋርት ሜይን ነው። ሰውዬው ሥራዬ ብሎ ከዕቃው ላይ ትርፍ ነገር ሲነቅል ኖረ። ትራሱን ነቀለ፣ ፕላስቲኩን ነቀለ፣ ማስተካከያ ዘለበቱን ነቀለ፤ የቀረው ብረት፣ ጠፍርና ቀለበት ሆነ። የመሃል ስሙን ወስደው አሠራሩን «ሆጋርቲያን» አሉት። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ መናኝ ይሉት ነበር።

ምክንያቱ ጠፍቶኝ አይደለም የማጉረመርመው። ማወቄ ነው የሚያበሳጨኝ፤ የማላውቀው ቢሆን ኖሮ በቅን ልቦና እሳደብ ነበር። ተራ ጠላቂ ባሕር ውስጥ ችግር ሲገጥመው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቴክኒካል የሚባለው ጠለቃ ግን ላዩ የተዘጋ ነው፤ ወይ ድንጋይ አለበት፣ ወይ ደግሞ ደምህ ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ደረጃ በደረጃ እየቆምክ ትጠብቃለህ። ዋሻ ውስጥ መውጫህ የመጣህበት መንገድ ብቻ ነው። አየሩም ለዚህ ይከፈላል፤ አንድ ሦስተኛው ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛው ለመውጫ፣ የቀረው ለክፉ ቀንና ለባልንጀራ። እዚያ ውስጥ የፕላስቲክ ዘለበት ቢሰበር ሁለት ሲሊንደር በአንድ ትከሻህ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወጥ ጠፍር አይሰበርም። ይህን አምናለሁ። አምኜም ጉልበቴን ያመኛል።

ጊኒ ስፕሪንግስ የሚባለው ምንጭ ሳንታፌ ወንዝ ዳር ነው፤ ውሃው ክረምት ከበጋ 22 ዲግሪ ነው፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ። ዋሻዎቹ ውስጥ ስትገባ ማጭድ የያዘ የሞት ምስል ያለበት ማስጠንቀቂያ ታገኛለህ፤ ያልሠለጠንክ እንደሆነ ከዚህ አትለፍ ይላል። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ፣ «ይኸው፣ እሱ ራሱ እንኳ ተመለስ እያለህ ነው» ብላኛለች። የጽሑፉን ነገር ብነግራትም አልገባትም፤ ወይም ከእኔ በላይ ገብቷታል።

ወደ ምንጣፉ ልመለስ። አዲስ ጠፍር ደረቅ ነው፤ እንደ በሬ ጅራት ይገረፋል እንጂ አይታጠፍም። የብረቱ ቀዳዳ ጠፍሩ በግድ የሚያልፍበት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍ በወደድኩ፤ ነገር ግን እንዳይንሸራተት ማቆሚያ የሚሆን ሦስት መስመር ያለው ትንሽ ብረት አለ። ጠፍሩ በእሱ ከሥር ይገባል፣ ከላይ ይወጣል፣ ተመልሶ ከሥር ይገባል። ከማቆሚያው ጋር ደግሞ የደረት ቀለበት አለ። ቅደም ተከተሉን ካሳከርክ ቀለበቱ ወደ ሰውነትህ ዞሮ ይተኛል፤ ያኔ በወፍራም ጓንት ልትይዘው ስትሞክር ቁንጫ እንደምትፈልግ ሰው ራስህን ትዳብሳለህ።

ዛሬ የግራውን ትከሻ ጨረስኩ፣ የቀኙን ጨረስኩ፣ የጎኑን ቀዳዳ በፒንሳ እየጎተትኩ አሳለፍኩ፣ የግራ ዳሌዬን ቀለበት አስገባሁ፣ ዘለበቱን ገጠምኩ። ላቤን ጠረግኩ። ቀና ስል አንድ ቀለበት ምንጣፉ ላይ ያበራል። የቀኝ ደረት ቀለበት ነበር። ጠፍሩ ወጥ ነው ብያችኋለሁ፤ ቀለበቱ የሚገባው በጫፉ በኩል ብቻ ነው። ማለትም ዘለበቱ ይውጣ፣ ጎኑ ይውጣ፣ በብብት ሥር ያለው ይውጣ። አባቴ ሲናደዱ ይሉት የነበረውን አንድ ቃል አወጣሁ። ከማድ ቤት «ጾም ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጫፉን በእሳት መለብለብ አለ፤ ናይለን ስትቆርጠው ካልለበለብከው እንደ ነጠላ ጥለት ይተረተራል። ሻማው ላይ ሳቀርበው ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ጣራው ላይ ያለው የእሳት ማስጠንቀቂያ እሪ አለ፤ ጎረቤቴ በአጥር በኩል አንገቱን አሰገገ። የአሜሪካ ቤት ጭስ አይችልም። እናቴ ይህ መሣሪያ በተሰቀለበት ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንጀራ መጋገር አትችልም ነበር።

ልጁ ከሰዓት መጣ፤ ማስተካከሉ የሁለት ሰው ሥራ ነው። መጀመሪያ ትከሻውን አየ። ጠፍሩና ትከሻዬ መካከል እጅ እንደ ልብ መግባት አለበት፤ ከጠበቀ ክንድህን ማንሳት አትችልም፤ ከላላ ደግሞ ሲሊንደሮቹ ወደ ወገብህ ወርደው ቫልቮቹ ይርቁሃል። ቫልቮቹ ያሉት ከጭንቅላቴ በስተኋላ ነው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውና የሚለየው በመሃል። አንዱ መስመር አየር ማፍሰስ ከጀመረ እጅህን ወደ ኋላ ሰድደህ ራስህ መዝጋት አለብህ። በአርባ ሰባት ዓመቴ ጀርባዬን ማከክ እንደማለት ነበር። ዛሬ ቀኙን አገኘዋለሁ፣ የመሃሉን በጣቴ ጫፍ አገኘዋለሁ፣ የግራው ላይ ስደርስ ትከሻዬ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

«ጋሼ፣ ክርንሽን ወደ ላይ» ይለኛል።

«ወደ ላይ ነው እኮ!»

«ይሄ ወደ ጎን ነው።»

አካሚዬ የሰጠችኝን ላስቲክ በየቀኑ በሩ ላይ አስሬ እጎትታለሁ። ለትከሻህ ነው ብላኝ ነበር፤ ለሲሊንደር ቫልቭ ነው ብላት ሒሳቡን ኢንሹራንሴ የሚከፍላት አይመስለኝም።

ቀጥሎ ቀለበቶቹ። የደረት ቀለበት ቦታው እጄን ሳልጨነቅ ስሰድ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ነው። ከፍ ካለ በዚያው ትከሻ በኩል ያለው እጅ ተጣጥፎ አይደርስበትም፤ ዝቅ ካለ የተሰቀለበት ዕቃ ሁሉ ሆዴ ላይ ይወዛወዛል። ይህን የምናገረው በደረሰብኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ዳሌዬ ቀለበት በአራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። የአየር መለኪያው የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። አይቼ መልሼ ልሰካው ስል ቀለበቱ የለም። ዳበስኩ፣ የለም። ከላይ ድንጋይ፣ ከታች ደለል፤ ደለሉን ከነካህ ያ መስተዋት የመሰለ ውሃ አጓት ይሆናል። ልጁ በመብራቱ ክብ ሠርቶ ደህና ነህ ወይ አለኝ። እኔም ክብ ሠራሁለት። ዋሽቻለሁ። መለኪያውን ቀኝ ደረቴ ላይ ሰክቼ ስወጣ ሙሉውን መንገድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ አራት ጣት። መጫኛው አራት ጣት ሲላላ የአባቴ አጋሰስ ገደል አፍ ላይ ቆማ አልሄድም ትል ነበር። እኔ ከአጋሰሷ ባነሰ ገብቼ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከማቆሚያው ብረት አጠገብ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት አጠልቅበታለሁ፤ ጠፍሩን ነክሶ ይይዛል። በዋጋ ከዕቃዬ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ የምወደውም እሱን ነው።

አሁን ወደማይወራው እንምጣ። አምስተኛው ቀዳዳ። ከእሱ የሚወጣ ሌላ ጠፍር በእግሮችህ መካከል አልፎ ፊት ለፊት ቀበቶው ላይ ይጠለቃል። የቀሩት ሁለት ቀለበቶች እዚያ ላይ ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በቅሎ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ወዴላ ነው። ኮርቻው ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት በጅራቷ ሥር የሚያልፈው ጠፍር። እኛም ጭንቅላታችንን ዘቅዝቀን ስንወርድ ብረቱ ወደ ማጅራታችን እንዳይመጣ የሚይዘን እሱ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በትክክል ተለክቶልኝ አያውቅም። ከረዘመ ሲሊንደሩ ማጅራቴን ይኮረኩመኛል። ካጠረ ደግሞ ቀና ማለት አልችልም፤ ጳጳስ ፊት እንደቆመ ዲያቆን ጎንበስ ብዬ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው እሄዳለሁ። ሁለት ሲሊንደር ከነብረቱ አርባ ኪሎ ገደማ ነው፤ በአርባ ኪሎ ላይ ትሕትና ሲጨመርበት አስቡት። ሁሉ ታስሮ፣ ሁሉ ተጠልቆ፣ ልጁም «ዝግጁ ነሽ?» ሲለኝ ደግሞ ሽንቴ ይመጣል። ሁልጊዜ። ሁሉንም መፍታት ነው። ዶክተሬ ፕሮስቴት ይለዋል፤ እኔ ወዴላ እለዋለሁ።

በመጨረሻ ቀበቶው ቀረ። በቀኝ ዳሌዬ የመብራቱ ባትሪ ይቀመጣል፤ ሁለት ሜትር የሚያልፈው ረጅሙ የአየር ቱቦ ከሥሩ ዞሮ ደረቴን አቋርጦ በማጅራቴ በኩል ወደ አፌ ይመጣል። ባልንጀራህ አየር ቢያልቅበት ከአፍህ አውጥተህ የምትሰጠው እሱን ነው፤ ስለዚህ የትም ጠፍር ሊያንቀው አይገባም። ልጁ ቱቦውን ሦስት ጊዜ አስመዘዘኝ። ሦስቴም መጣ። ቆሜ ዘለበቱን በቀኝ እጄ ዘጋሁ፤ ቀጭ አለ። ከዘለበቱ ያለፈው አዲስ ጭራ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ።

እነዚያ የዛሬ ወጣቶች የሚገዙት ትራስ ያለው፣ በየትከሻው ማጥበቂያ ያለው፣ በአንድ ጣት የሚላላ ማሰሪያ አለ። ሱቅ ውስጥ ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሻጩ ዞር ሲል ለብሼው ነበር። ማንም አላየኝም። ትራሱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝን ለነፍስ አባቴ ካልሆነ ለማንም አልናገርም። አውልቄ ሰቀልኩትና ይህንኑ ጥቁር ጠፍር ገዝቼ ወጣሁ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጭራውን በእጁ ለካው። «ጋሼ፣ ይሄ በጣም ረጅም ነው። ልቁረጥልሽ?» መቀሱን አንስቷል። ባለቤቴ ሽሮ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች፤ መቀሱን አየች፣ ሆዴን አየች፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?» አልኳት።

«አርባ ሦስተኛ።»

አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ አልቀመስኩም። ይህ ወገብ የእኔ አይደለም፤ የተዋስኩት ነው። ጭራውን ከልጁ እጅ ተቀበልኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፍኩት፣ በጎማው ላስቲክ ውስጥ ሸጎጥኩት።

«ተወው» አልኩት። «አሥራ ሦስት ቀን ቆይቶ ዶሮ ወጥ ይመጣል።»